የመጥረጊያው ሹፌር አራት ደቂቃ

የማራቶን መንደር ሰው መሮጥ አይወድም። ከዚያ ተነስቶ አቴንስ ድረስ ሮጠ የሚባለው የመጀመሪያው ሰው፣ የፋርስ ጦር መሸነፉን ተናግሮ ቃሉን ሳይጨርስ ወድቆ ሞቷል። መንደርተኛው ታዲያ ከዚህ የሚገኝ ትምህርት ካለ አውቶቡስ መጠበቅ ነው ባይ ነው። ሊቃውንቱ ነገሩ እንዲህ አልነበረም፣ መልእክተኛው የሮጠው ወደ ስፓርታ ነው፣ ሞተ የሚለውም ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ የተጻፈ ነው እያሉ ሲከራከሩ ይኖራሉ። መንደሩ ክርክሩን ለእነሱ ትቶላቸዋል። ሰውየው ሮጠም አልሮጠም ስሙ ወጥቷል፤ ከቦስተን እስከ ቶኪዮ ሰው በዚህች የሰላጣና የቲማቲም መንደር ስም የእግሩ ጥፍር እስኪነቀል ይሮጣል። ርቀቱ መጀመሪያ አርባ ኪሎሜትር ገደማ ነበር። ያቺን ሁለት ኪሎሜትር ከምናምን የጨመሩበት እንግሊዞች ናቸው፤ ለንጉሣቸው ቤተሰብ እንዲመች ነው ይባላል። እንግዲህ ምቾቱ የንጉሥ፣ እግሩ የሰው።

ሜለቲስ የዚህ መንደር ተወላጅ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ከማራቶን አቴንስ የሚመላለሰውን አውቶቡስ ነድቷል፤ አንድ ቀን ቀድሞ አልተነሳም፣ አንድ ቀን ዘግይቶ አልደረሰም። የቡና ቤቱ ባለቤት ትሪፎን የግድግዳ ሰዓቱን የሚያስተካክለው የሜለቲስን አውቶቡስ እያየ ነበር። ሰውየው ወሬ አያበዛም፣ አይሰክርም፣ በሥራ ሰዓት ከሰው ጋር አይቃለድም። እንዲህ ያለ ሰው በየመንደሩ አንድ አለ፤ ያከብሩታል እንጂ ብዙም አያጫውቱትም። ጡረታ ከወጣ በኋላም ያልተወው ሥራ አንድ ብቻ ነበር። በየዓመቱ በኅዳር መጀመሪያ ታላቁ ሩጫ ሲካሄድ መጥረጊያውን የሚነዳው እሱ ነው።

መጥረጊያ የሚሉት ከሁሉም ኋላ የሚሄደውን አውቶቡስ ነው። መንገዱ ለመኪና የሚከፈትበት ሰዓት በየቦታው ተቆርጦ የተቀመጠ ስለሆነ፣ ሰዓቱ ሲያልፍ አስፋልቱ ላይ የቀረውን ሯጭ አውቶቡሱ ያነሳዋል። አልሳፈርም የሚል ካለ የደረት ቁጥሩን አስረክቦ በእግረኛ መንገድ እንደ ማንኛውም አላፊ አግዳሚ መሄድ ይችላል፤ ሩጫው ግን እዚያ ላይ አብቅቷል። ሜለቲስ ሃያ ዓመት ሙሉ አሸናፊዎቹን በዓይኑ አይቷቸው አያውቅም። እነሱ አቴንስ ያለው የእብነ በረድ ስታዲየም ገብተው፣ ታጥበው ምሳቸውን ሲበሉ እሱ ገና ከመንገዱ አጋማሽ በፊት ያለችውን ራፊናን አላለፈም። የሱ ወዳጆች ጉልበታቸው የከዳቸው ጠበቆችና የተረከዛቸው ቆዳ የተገሸለጠ የባንክ ሠራተኞች ናቸው። አንድ ጊዜም ለሟች ባሏ ስለት የምትሮጥ መምህርት ስቅስቅ ብላ እያለቀሰች ተሳፍራለች።

ሥራው የራሱ ወግ ነበረው። ሯጩ አጠገብ ፍሬን አይዝም። ሠላሳ እርምጃ ያህል ቀድሞት ይቆማል፣ በሩን ይከፍታል፣ ዞሮም አያይም። ሰው ሲለቀም ያፍራል፤ በእግሩ መጥቶ ሲገባ ግን ያው ተሳፋሪ ነው ይላል። ሲገቡም አይዞህ ምናምን የለም፤ ብርድ ልብስና አንድ ብርቱካን ይሰጣል፣ በቃ። እነዚያ ሰዎች ከዚህ የበለጠ ደግነት በዚያች ሰዓት እንደማይችሉት ያውቃል።

ይህ ሰው በዕድሜው አንድ ትልቅ ውሸት ዋሽቷል። የዋሸውም በሰዓት ነው።

ታላቅ ወንድሙ ጊካስ ሰላጣ አምራች ነው። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት፣ ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ሳለ፣ ሰላጣ ሊገዛ የመጣ አንድ የውጭ አገር ሰው «ማራቶን ተወልደህማ በስንት ሰዓት ትጨርሳለህ?» ብሎ ጠየቀው። ጊካስ ሮጦ አያውቅም። ያ ጥያቄ ሆዱ ገብቶ ሲያብሰለስለው ከረመና በኅዳር ቁጥሩን ደረቱ ላይ ሰክቶ ተሰለፈ። የመንደሩ ሴቶች የወይራ ዝንጣፊ ሰጥተው ሸኙት፤ እሱም የመንገዱ አጋማሽ እስከሆነችው እስከ ፒከርሚ ድረስ እንደ ደህና ሰው ሮጠ። ከፒከርሚ በኋላ ግን ዳገት ነው። ዳገቱ ሠላሳ አንደኛው ኪሎሜትር ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ እስከ አቴንስ ቁልቁለት ስለሆነ ጫፉን ያለፈ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይጨርሳል።

ሜለቲስ ከመሪው ኋላ ሆኖ ወንድሙን አየው። ጫፉ ላይ ለመድረስ ሦስት መቶ እርምጃ ያህል ቀርቶታል። ፊቱ አመድ መስሏል፣ ግራ እጁን ከጡቱ ሥር ጫን አድርጎ ይዟል። አባታቸው በሃምሳ አራት ዓመቱ የቲማቲም ሣጥን እንደተሸከመ፣ እዚያው ቦታ ላይ እጁን አድርጎ ነበር የወደቀው። ሜለቲስ ሰዓቱን ተመለከተ፤ መንገዱ ሊከፈት አራት ደቂቃ ይቀራል። ሠላሳ እርምጃ ቀድሞት ሄዶ ቆመ፣ በሩንም ከፈተ። ጊካስ ደርሶ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀው።

«አልፏል» አለ ሜለቲስ፣ ፊት ለፊቱን እያየ።

ጊካስ የእጅ ሰዓት አላሰረም ነበር። ቢያስርስ የሜለቲስን ሰዓት ማን ይጠራጠራል? ተሳፈረ። ተቀምጦ ካናቴራውን ገለጥ ሲያደርግ ቁጥሩን የያዘችው መርፌ ቁልፍ ተከፍታ ኖሯል፤ ከራፊና ጀምሮ ደረቱን ስትወጋው ነበር የመጣችው። «ይቺ ናት የገደለችኝ» ብሎ ሳቀ። ሜለቲስ ውረድ፣ ገና ጊዜ አለህ ማለት ይችል ነበር። ነገር ግን ከሰው ሁሉ ፊት ዋሽቻለሁ ማለት ሆነበትና ተወው። አራቱ ደቂቃ እዚያው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አለቁ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። በዚያ መንደር ግን ጊካስ የሚባሉ ሦስት ሰዎች አሉ፤ ሦስቱም ጊካስ ተብለው ከተጠሩ ሥራ ስለማይሠራ ለእያንዳንዱ ቅጽል መኖር አለበት። አንዱ አንካሳው ጊካስ ነው፣ አንዱ ጊካስ ንቡ። ሦስተኛው እስከዚያ ቀን ቅጽል አልወጣለትም ነበርና ትሪፎን አወጣለት፤ መጥረጊያ የጠረገው ስለሆነ ጥራጊው አለው። እየዋለ እያደር ጊካስ የሚለው ቀረና ጥራጊው ብቻ ተረፈ። አቴንስ ያሉት የአትክልት ነጋዴዎች «የጥራጊውን ሰላጣ አምጣልኝ» ማለት ጀመሩ። ልጁ ሲያገባ የጥራጊው ልጅ አገባ ተባለ።

ሜለቲስ ግን በዚያው ነገር ከበረ። የእናቱን ልጅ እንኳ ያልማረ ተባለ። ሰዓቱ ለሥጋ ዘመድ አያደላም ብለው የቤተ ክርስቲያኑ ሰበካ ጉባኤ አባል አደረጉት፤ ሁለት ሰዎች ስለ ድንበር ሲጣሉም ሜለቲስ ይዳኘን ይሉ ነበር። ጊካስ ደግሞ አንድ ቀን ወቅሶት አያውቅም። ሰዎች ወንድምህ ጨካኝ ነው ሲሉት ሥራውን ነው የሠራው እያለ ይከራከርለታል። ሜለቲስን እንቅልፍ የነሳው ይኸኛው ነው።

ምስጢሩን የምታውቅ ሚስቱ ጋሪፋሊያ ብቻ ነበረች። ንገረው እያለች አሥር ዓመት ለፈለፈች፤ እሱም ከፋሲካ በኋላ፣ ከመኸር በኋላ እያለ ሲገፋው ኖረ።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ» አለችው አንድ ቀን። «አንተ ግን መጋረጃውን ይዘህ ቆመሃል።»

ባለፈው ዓመት በበጋ ጊካስ ወንድሙን ሰላጣ የሚያበቅልበት የፕላስቲክ ቤት ድረስ አስጠራው። ስልሳ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ከስቶ፣ አዲስ የሩጫ ጫማ አድርጎ ጠበቀው። በዚያ አገር ሰው ሲሞት ማስታወቂያው በየመብራት ምሰሶው ይለጠፋል፤ ማን እንደሞተ እንዳያሳስትም ከስሙ ቀጥሎ ቅጽሉ ይጻፋል። በዚያ ሳምንት ጊካስ ንቡ ሞቶ ስለነበር ምሰሶው ሁሉ ንቡ፣ ንቡ ይላል።

«አየኸው?» አለው ጊካስ። «የሱ እንኳ ንብ ነው፣ ማር አለው። እኔ ስሞት ምሰሶው ላይ ጥራጊው ብለው ነው የሚለጥፉኝ። ስም ከመቃብር በላይ ነው፣ ሜለቲስ። ዘንድሮ ሮጬ ጨርሼ አራግፈዋለሁ።»

ሜለቲስ እንደገና ሊነግረው ፈለገ፣ እንደገናም አልነገረውም። እንዲያውም በሆዱ፣ ጨክኖ ከጨረሰማ ስሙም ይፋቃል፣ እኔም መናገር አያስፈልገኝም ብሎ ተጽናና። ፈሪ ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ምክንያት አያጣም።

የሩጫው ዕለት ሰማዩ ዳመናማ ነበር። ሜለቲስ አጠገብ የተቀመጠችው ከአዘጋጆቹ የተላከች ኡራንያ የምትባል ወጣት ናት፤ የመንገዱን ሰዓት እሷ ስልኳ ላይ ትከታተላለች። ድሮ በሹፌሩ የእጅ ሰዓት ይታመን የነበረው አሁን ቀርቷል። ራፊና ላይ አራት ሰው ተሳፈረ፣ ፒከርሚ ላይ ሰባት። ከሰባቱ አንዷ የማራቶን ልጅ ነበረች። ዳገቱ ሲጀምር ሜለቲስ ጊካስን ከሩቅ አየው። በእግሩ እየሄደ ነው። ይሄዳል፣ ትንሽ ይሮጣል፣ ደግሞ ይሄዳል። ሜለቲስ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ አነሳ።

ኡራንያ ትንሽ ታገሰችና እየዘገየን ነው አለችው። ዳገት ነው ብሎ መለሰላት። ዳገት መሆኑን እንደምታየው፣ አውቶቡሱ ግን ሞተር እንዳለው ነገረችው፤ ከኋላ ያሉት ተሳፋሪዎች ሳቁ። ቀጥሎ ስልኳን አሳየችው። መንገዱ የሚከፈትበት ሰዓት ካለፈ ስድስት ደቂቃ ሆኖታል፤ ከኋላቸው የፖሊስ ሞተርና የመኪና ሰልፍ ቆሟል። ጊካስ ጫፉ ላይ ለመድረስ መቶ እርምጃ ቀርቶታል። ሜለቲስ ወንድሙን አልፎት ሄደ፣ ሠላሳ እርምጃ ቆጥሮም ቆመ።

ጊካስ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ትንፋሹን ሰበሰበና «ስንት ሰዓት ነው?» አለ።

ኡራንያ ልትመልስ ስትል ሜለቲስ እጁን አንስቶ አስቆማት። ሞተሩን አጠፋ። ከወንበሩ ተነስቶ ሦስቱን ደረጃ ወረደ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ለማንም ወርዶ አያውቅም።

«ስድስት ደቂቃ አልፎሃል» አለው። «የዛሬው እውነት ነው። ያን ጊዜ ግን አላለፈህም ነበር።»

«መቼ ያን ጊዜ?»

«የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት። አራት ደቂቃ ነበረህ። ደረትህን ይዘህ ሳይህ አባባ ትዝ አለኝና ዋሸሁህ።»

ጊካስ ቀና ብሎ የዳገቱን ጫፍ አየ። እያሰላ ነበር።

«አራት ደቂቃ ይበቃኝ ነበር?»

«ይተርፍህ ነበር።»

ከውስጥ ብርቱካን የሚልጡት ሰዎች እጃቸው ቆመ። ጊካስ ሲናገር ድምፁ አልጮኸም፤ ቢጮህ ለሜለቲስ ይቀለው ነበር።

«በአራቱ ደቂቃ አልቀየምህም» አለ። «አባባ እኔም ፊት ነው የወደቀው። አንተን ብሆን እኔም እዋሽ ነበር። ግን ጥራጊው ሲሉኝ አጠገቤ ነበርክ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን አይደለም። ቁጭ ብለህ ቡናህን ትጠጣ ነበር።»

የደረት ቁጥሩን ፈታ፤ ያስረከበው ግን ለወንድሙ ሳይሆን ለኡራንያ ነው። ከዚያ ወደ እግረኛው መንገድ ወጣና ዳገቱን ቀጠለ። ሜለቲስ እንደቆመ ቀረ። ኡራንያ ቀስ ብላ «ጋሽ ሜለቲስ፣ መሄድ አለብን» አለችው። ተመልሶ ወጣ፣ ሞተሩን አስነሳ፣ ወንድሙንም አልፎት ሄደ።

ማምሻውን ቡና ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ሜለቲስ ገብቶ ሳይቀመጥ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ የሆነውን ሁሉ ተናገረ። አራቱን ደቂቃ፣ መርፌ ቁልፏን፣ ዝም ብሎ መቀመጡን፣ አንዱንም አላስቀረም። ሲጨርስ ትሪፎን ባንኮኒውን በእጁ መታ አድርጎ ወንድም ማለት እንዲህ ነው አለ።

አላመኑትም። ወንድሙ ለሁለተኛ ጊዜ ስለተጠረገ፣ ያን ቅጽል ላስቀርለት ብሎ የፈጠረው ነው ብለው አሰቡ። አንዷም ዕንባዋን ጠረገች። ሜለቲስ ማለ፤ በማለ ቁጥር ልባቸው ይበልጥ ተነካ። ሰበካ ጉባኤው ውስጥ አብሮት የሚያገለግል አንድ ሽማግሌ ጎን ወስዶ፣ ለወንድም ተብሎም ቢሆን በሐሰት መማል ነውር መሆኑን በለሰለሰ አንደበት መከረው። አውቶቡስ ውስጥ የነበረችው የመንደሩ ልጅም መሰከረች፣ ከመንገድ ላይ ጀምሮ እንዲህ ሲል ሰማሁት፣ ሰውየው ቅዱስ ነው ብላ። ሜለቲስ አረቄ ቀረበለት፤ ያልጠየቀው አረቄ።

ጊካስ ሲገባ ጨልሞ ነበር። እስከ ስታዲየሙ ድረስ በእግሩ ሄዶ፣ በሩ ተዘግቶ አግኝቶት፣ በአውቶቡስ ነበር የተመለሰው። እያነከሰ አለፈ። ትሪፎን ከርቀት «ጥራጊው፣ እንዲህ ያለ ወንድም እግዚአብሔር ለሁሉም አይሰጥም» ብሎ ሜለቲስ ሊያደርግ የሞከረውን ተረከለት።

ጊካስ ወንድሙን አየው። ኮፍያውን አጣምሞ ይዞ፣ ላብ በግንባሩ ላይ ችፍ ብሎ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ አይቶበት የማያውቀው ፊት ይዞ ቆሟል። ጊካስ ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ።

«እውነት ነው በላቸው» አለ ሜለቲስ በሹክሹክታ። «አንተ ከነገርካቸው ያምናሉ።»

«እኔ ብነግራቸው ለስሙ ሲል ነው ይሉኛል። የዋሸኸው አንተ፣ የምትነግራቸውም አንተ። ነገም ንገራቸው፣ ከነገ ወዲያም። እስኪያምኑህ ድረስ እኔ እዚሁ ነኝ።»

ሜለቲስም ነገራቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነገራቸው፤ ሰላጣ በሚጫንበት ነገራቸው፤ አውቶቡስ የሚጠብቁትን ነገራቸው። መጀመሪያ ያለቅሱ የነበሩት መሳቅ ጀመሩ፣ ይስቁ የነበሩትም ሰለቹት። ሲያዩት መንገድ የሚያቋርጡ ነበሩ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ያ ሽማግሌ፣ ሰው ለውሸት ብሎ ይህን ያህል አይደክምም እኮ አለ። በዚያው ሳምንት አንድ ሰው ሜለቲስን ሰዓት ጠየቀው፤ ከመለሰለት በኋላ ስልኩን አውጥቶ አየ። ሜለቲስ ቤቱ ገብቶ ለጋሪፋሊያ አመኑኝ አላት፤ እሷም ስታየው ፊቱ ፈክቷል። ከፋሲካ በፊት ሰበካ ጉባኤው በምትኩ ሌላ ሰው መረጠ። ድንበር ይዳኝልን የሚለውም ቀረ።

ከፋሲካ በኋላ በአንድ ረፋድ ሁለቱ ወንድማማቾች በተለመደው ጠረጴዛቸው ተቀምጠው ነበር። ትሪፎን ዕቃ እያጠበ፣ ፊቱንም ሳያዞር «ጊካስ፣ የቡናው ስኳር መካከለኛ ይሁን?» ሲል ጠየቀ።

ጊካስ፣ አንካሳው ጊካስ የገባ መስሎት ወደ በሩ ዞሮ አየ። በሩ ላይ ማንም አልነበረም። ሜለቲስ ክንዱን ነካ አደረገውና «አንተን ነው» አለው።